ጎመን በጤና፦ ያለ በቂ ምክንያት ስለሚከለከሉ አትክልቶች

የማክሮባዮቲክ አመጋገብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው ጆርጅ ኦሳዋ ያስፋፋው፣ ምግብን «ዪን» እና «ያንግ» በሚባሉ ተቃራኒ ባሕርያት የሚከፍል ሥርዓት ነው። ያልተፈተገ እህልን መሠረት አድርጎ ጥራጥሬንና አትክልትን ያክልበታል። ድንችን፣ ቲማቲምን፣ ቃሪያንና ደበርጃንን ግን «ዪን የበዛባቸው» ናቸው በማለት ያርቃል።

ሥርዓቱ ስኳርንና የእንስሳት ስብን መቀነሱ ከዘመናዊው የሥነ ምግብ ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። የአትክልት ክልከላው ግን በቂ ማስረጃ የለውም። አራቱ አትክልቶች የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ሶላኒንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች በመጠኑ ይገኙባቸዋል። አሳሳቢ የሚሆነው ግን ብርሃን መትቶት የአረንጓዴ ወይም ያጎነቆለ ድንች ነው። ይህም ድንችን በጨለማ ቦታ ለማስቀመጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ ከማዕድ ለማስወገድ አያበቃም።

ክልከላ ሲደራረብ የሚያስከትለው ጉዳት በተግባር ታይቷል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር የምግብ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ጥብቅ የሆነው የማክሮባዮቲክ ሥርዓት ለጤና አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል። በ1980ዎቹ በኔዘርላንድስ በተደረጉ ጥናቶችም በዚሁ ሥርዓት ያደጉ ሕፃናት የዕድገት መቀጨጭ፣ ሪኬትስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ታይቶባቸዋል።

ክልከላው ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ቢዛወር ጉዳቱ ይበልጥ ይጎላል። በዳባትና በደባርቅ ድንች የገበሬው የዘወትር ምግብ ነው። በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይቀርብበት የጾመኛ ማዕድ ላይ ድንች ወጥ፣ የቲማቲም ስልስና ከሽሮ ጋር የሚበላ ቃሪያ ትርፍ ጌጥ አይደሉም። በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ በእህልና በጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። እነርሱን መከልከል አስቀድሞ የጠበበውን ማዕድ ይበልጥ ማጥበብ ይሆናል።

የኦሳዋን ስም የሰማ ገበሬ በደባርቅ ላይገኝ ይችላል። ተመሳሳይ ክልከላ ግን ነጭ ጋወን ለብሶ ሊመጣ ይችላል። እንቅርት ላለባት እናት «ጎመን አትብዪ» ብሎ መምከር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጎመን ዘሮች ውስጥ የአዮዲንን አጠቃቀም የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ሆኖም ተጽዕኗቸው የሚጎላው አዮዲን ሲጎድልና አትክልቱ ጥሬውን በብዛት ሲበላ ነው፤ መቀቀል ደግሞ ኃይላቸውን ይቀንሰዋል። የሀበሻ ጎመን በአብዛኛው ተቀቅሎ የሚበላ ነው። በደጋው የእንቅርት ዋነኛ መንስኤ አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ አዮዲን ማጣቱ ነው። ጎመንን የከለከለ ምክር መንስኤውን ሳይነካ ከዳፍንት የሚጠብቀውን የቫይታሚን ኤ ምንጭና ለነፍሰ ጡሯ የሚያስፈልገውን ፎሌት ይነጥቃል። ይህ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ነው።

መፍትሔው የተገኘው በጨው በኩል ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጣ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 15 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 89 ገደማ ደርሰዋል።

ይህ ሲባል ክልከላ ሁሉ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ የድንችን ፖታሲየም መጠንቀቅ፣ ዋርፋሪን የሚወስድም የጎመን አወሳሰዱን ሳያዋዥቅ መጠበቅ አለበት። እነዚህ ግን በታወቀ ምክንያት ለአንድ ሰው የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ስለዚህ አንድ አትክልት ከመከልከሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባል፦ ማስረጃው ምንድን ነው? የሚከለከለው ለማን ነው? በምትኩስ ምን ይበላል? ለሦስተኛው ጥያቄ በጎንደር ገበያ መልስ ያልተገኘለት ምክር ገና ያልተሟላ ምክር ነው። እንቅርት ላለባት እናትም የሚበጀው ጎመኑን ቀቅላ እንድትበላ፣ አዮዲን ያለውን ጨው በተከደነ ዕቃ እንድታስቀምጥና ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል እንድትጨምር መምከር ነው።