በዳሱ ውስጥና በዳሱ ደጅ፤ ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም፤ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» የሚለውን መጽሐፍ ባሳተሙ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚህ ማዕርግ ያለ ሰው ስለ ሀገር ልማድ ዝም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም፤ በታላላቆች ቤት በተደገሰ ቍጥር የክብር ስፍራ የሚለቀቀው ለእንደርሱ ያለው ነውና። እርሳቸው ግን ዝምታን አልወደዱም። ዐወቀ የሚባል አንድ የተጉለት ልጅ ለትምህርት ጓጕቶ እስከ ፓሪስ እንደ ሄደ፤ ተምሮም ወደ ሀገሩ በተመለሰ ጊዜ በለቅሶ፣ በተዝካርና በሰርግ ነገር ከዘመዶቹ ጋር እንደ ተጋጨ የሚያሳይ ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ የያዘው ነገር ግን ዘጠና ዓመት አልፎትም አላረጀም።

እንደ ልብ ወለድ ቢመዘን ታሪኩ ቀጭን ነው። ሰዎቹ እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ሰባኪ የሚነጋገሩበት ጊዜ ይበዛል፤ አንባቢም ከጥቂት ገጽ በኋላ የሚረታው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ይሁን እንጂ ደራሲው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ስለ ሆኑ የሚነቅፉትን ልማድ ከውስጡ ያውቁታል፤ ዳሱን ከሩቅ አይቶ እንደሚሥቅ እንግዳ አይደሉም። የመጽሐፉም ኀይል ከዚህ ይመጣል።

ነገሩ የተጉለት ብቻ እንዳይመስል ማክሰኝትን ማሰብ ይበቃል። ማክሰኝት በቀድሞው የበጌምድር ግዛት፤ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራ፤ ኑሮው በሁለት በሬ ጫንቃ ላይ የተመሠረተ ሕዝብ ነው። በዚያም እንደ ሌላው ሀገር ሰው ሲሞት ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይቈጠራል፤ ከእነዚህም ሁሉ የሚከብደው አርባው ነው።

በአርባው ቀን ዳስ ይጣላል፤ ዛሬ ዛሬማ የኪራይ ድንኳን ይተከላል። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው በላይኛው ወገን ይቀመጣሉ፤ ሽማግሎችና ባለጸጎች ይከተሉአቸዋል፤ ከዚያ ዘመድ፤ ከዚያ ጎረቤት። ነዳያን በደጅ ናቸው። ለነዳያን አይሰጥም ማለት ሐሰት ነው፤ ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን የሚሰጣቸው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሚደርሳቸውም ከውስጥ የተረፈው ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምሳ በምታደርግበት ጊዜ ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን ድኾችን ጥራ ሲል ያስተማረውን ትምህርት እዚያው ዳስ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁታል። እንደ ትምህርቱ ቢሆን ደጅና ውስጥ መለዋወጥ በተገባቸው ነበር።

ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር አለ። አንድ ባለጸጋ ለአባቱ ተዝካር ሦስት በሬ ቢያርድ እርሱን ራሱን አይጐዳውም፤ በሬቱ ሌላ አለውና። የሚጐዳው በሚቀጥለው ዓመት ባልዋ የሚሞትባት ጎረቤቱ ናት። ሦስቱ በሬ የሀገር መለኪያ ሆኖ ይቈያል፤ «ለእገሌ እንዲህ ተደረገለት» የሚለው ወሬ ከገበያ ገበያ ይዞራል። እርስዋም ሦስት ባይሆንላት አንድ ማረድ ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ ከጥማድ በሬዎችዋ አንዱን ታርዳለች፤ ወይም ገንዘብ በአራጣ ትበደራለች፤ ወይም እርሻዋን ለእኩል ትሰጣለች። በአርባው ቀን የታረደው በሬ ክረምት ሲገባ ለልጆችዋ ያርስ የነበረው በሬ ነው። ያን ቀን የበሉት ሰዎች ይህን አይተው ነው የበሉት።

እንግዲህ የመጽሐፉ ጕድለት በዚህ ላይ ይታያል። ባለ ታሪኩ ዐወቀ መባሉ በከንቱ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ልማዱን ከአለማወቅ የመጣ በሽታ አድርገው አይተውታል፤ ስለዚህም መድኀኒቱን ከዕውቀት ይሻሉ። በዘመናቸው ለትምህርት ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ ይህ አያስደንቅም፤ ነገር ግን የማክሰኝት መበለት አላወቀችም ሊባል አይቻልም። በሬው ሲታረድ ምን እንደሚቀርባት ከማንም ይልቅ እርስዋ ታውቃለች። የያዛት አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን ደግሞ የፓሪስ ትምህርት ቤት አይፈውሰውም። እንዲያውም ከውጭ ሀገር ተምረው የተመለሱ ሰዎች ሰርግ ዛሬ ከገበሬው ተዝካር እጥፍ ሆኖ ሲታይ ዐወቀ ምን ይል ነበር ያሰኛል።

ደራሲው ተግሣጹን የሚያመጣውን ሰው ከባሕር ማዶ ማምጣታቸውም ሳያስፈልግ ነው። ተግሣጹ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በባላገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል። በላዔ ሰብእን የማያውቅ ምእመን የለም፤ 78 ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በመንገድ ላይ ለተጠማ ድኻ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ሚዛኑም በዚያች ውሃ አመዘነ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ዳስ የለም፤ ያረደ የለም፤ የተቈጠረ እንግዳ የለም። የተዝካሩ እድምተኛ ወደ ድግሱ ከመሄዱ በፊት በቤተ መቅደሱ ቅጽር ያልፋል፤ ሥዕሉንም ይሳለማል። ዐወቀ ፓሪስ ሳይሄድ ከአጥቢያው ደብር መሪጌታ አጠገብ ቁጭ ቢል ኖሮ መጽሐፉ ባልደከመ፤ ዘመዶቹም «ፈረንጅ ሆነብን» ብለው የሚያመልጡበት በር ባልተገኘ ነበር።

ይህን ሲሉ ግን ተዝካርን ፈጽሞ መንቀል ይገባል ብሎ የሚቸኵል አንባቢ አይጠፋም። ተዝካር በሥሩ ለሙታን ጸሎት፤ ለሕያዋን ድኾችም ምጽዋት ነው። በብዙ ቀበሌ ደግሞ ከዓመት ዓመት ሥጋ የማይቀምሱ ሰዎች የሚቀምሱት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ተዝካሩን አስቀርቶ ዋጋውን በኪሱ የሚያኖር ሰው ዘመናዊ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ነዳያኑ ግን ከፍርፋሪውም ቀርተዋል። እንዲህ ላለው ሰው ሦስት በሬ ያረደው ሞኝ ይሻለዋል።

ከዚህ አንጻር የሌላውን ደራሲ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሥራ ማስተያየት ይጠቅማል። አፈወርቅ የጣና ዳር ሰው፤ የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ስለ ልማድ አንዳች ነቀፋ አይናገርም። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ አንድ ነጋዴ አለ፤ ለማያውቀው ምርኮኛ የነጻነቱን ዋጋ ሰጥቶ ምስጋና ሳይጠብቅ ያለፈ ሰው። የምርኮኛው ልጅ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፈልጎ ሊያመሰግን ከቤቱ ይወጣል፤ በዚያም ፍለጋ ራሱ በባርነት ይወድቃል፤ የታሪኩም ቀሪ ክፍል ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። አንድ የተሰወረ ስጦታ መጽሐፍ ሙሉ ሰው ሲያንቀሳቅስ ይታያል። «አዲስ ዓለም» ክፉውን ልማድ ለይቶ ሲያሳይ በቦታው የሚተካውን ደግነት እንዲህ በሥጋና በደም አላሳየም።

ነጋዴው ያለፈበት መንገድ ከዛሬው ሰርግ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ያሳፍራል። በጎንደርና በዙሪያዋ ሰርግ በመኪና ሰልፍና በካሜራ ሆኗል፤ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ የሰጪውን ስም እየጠራ ያወድሳል፤ ሰጪውም ብሩን በምራቁ አርጥቦ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። (አዝማሪውን መንቀፍ አይገባም፤ እርሱ ራሱ ለዕለት እንጀራው የሚዘፍን ድኻ ነው፤ የሚሸጠውም ሌሎች ሊገዙት የመጡትን ነው።) ያን ማታ በግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር በደጅ ከቆሙት ለአንዱ ቢሰጥ የሚያየው የለም፤ የማይሰጠውም ስለዚህ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር ዐረፉ። መጽሐፋቸው ግን በተማሪ ቤት መደርደሪያ ላይ ለፈተና እንዲጠና ብቻ የተጻፈ አይደለም። የሚነበብበት ትክክለኛው ስፍራ የሟች ዘመድ ተሰብስቦ አርባው እንዴት ይውጣ ብሎ በሚመክርበት ማታ ነው። መበለቲቱ በዚያ ማታ «አንድም አላርድም» ብትል ባልዋን የናቀች ትባላለች፤ ስለዚህ ዝም ብላ ትሰማለች። አስቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከዘመዱ መካከል ሀብታም የሆነው ነው። እርሱ «ሦስት ይታረድ» ያለ እንደ ሆነ ሌላው ዝም ይላል፤ «እንጀራና ንፍሮ ለነዳያን ይበቃል፤ ለአባቴም ያደረግሁት ይህን ነው» ያለ እንደ ሆነም ሌላው ዝም ይላል።