ስለ ጅማ የእንጨት ቅርጽና ስለ ሕያው ዛፍ አጭር አስተያየት

ቅርጻ ቅርጽ የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በመቆሚያ ላይ ያለውን የድንጋይ ወይም የነሐስ ሐውልት ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርንባቸው መጻሕፍትም ያሳዩን ይህንኑ ነበር። የኮንሶው ዋካ ከእንጨት ቢሠራም የሰው መልክ ስላለው ያለ ክርክር ሐውልት እንለዋለን። የጅማው በርጩማ ግን ሰው ስለሚቀመጥበት ከዕቃ ተራ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ አከፋፈል ትክክል አለመሆኑን፥ እንዲሁም በጅማ የእንጨት ሥራ ላይ በሚገባ ለመፍረድ ከቤተ መዘክሩ ወጥቶ እስከ ቡናው ጫካ መሄድ እንደሚያስፈልግ ነው።

በጅማ ከተማ ቤተ መዘክር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች ለትርኢት ቀርበዋል፤ ከነዚህም መካከል የእንጨት ሥራዎች ይገኛሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም የአገሩ ባለሙያ እንጨትን እንዴት እንዳዘዘው ያሳያል። ጎብኚ ግን በልማድ የሚጠይቀው «ይህ የማን ነበር?» ብሎ ነው። «ከምን ዛፍ ወጣ? እንዴትስ ተጠረበ?» ብሎ መጠየቅም ከንጉሡ ስም ያላነሰ ያስተምራል።

የጅማ በርጩማ፥ ባለ መደገፊያው ወንበርም ጭምር፥ በጥንቱ አሠራር ሳንቃ ከሳንቃ ተጋጥሞ በምስማር የሚመታ አይደለም። ጠራቢው አንዱን ግንድ በምሳር ቆርጦ፥ በመጥረቢያ እየጠረበ መቀመጫውንና እግሮቹን ከአንድ አካል ያወጣቸዋል። መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም። እግሩ ብዙ ጊዜ ሦስት የሆነውም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። ጠራቢው የሚሠራው በመቀነስ ስለሆነ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምት ተመልሶ አይለጠፍም። የድንጋይ ቀራጭም ሕጉ ይኸው ነው። እንግዲህ በርጩማውን ከሐውልቱ የለየው የእኛ አመለካከት እንጂ አሠራሩ አይደለም። እኔ ስፈርድ ጌጥ ከበዛበት ወንበር ይልቅ ተራው በርጩማ ይበልጥብኛል፤ የግንዱን ክብነት እንደያዘ ስለሚቀር ዛፍ እንደነበረ አይካድም።

ዛፉን ራሱን ለማየት በአጋሮ፥ በሊሙና በጌራ በኩል ወዳለው የቡና ጫካ መሄድ ይገባል። በዚያ አገር ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ገበሬው ጫካውን ሲያቀና ሁሉን አይቆርጥም፤ የከበደውን ጥላ እያሳሳ ዋንዛውን፥ ሰሳውንና ብርብራውን ይተዋል። ፀሐይ ከበዛ ቡናው ይጎዳል፤ ጥላ ከበዛ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬውም እንደ ጠራቢው በመቀነስ የሚሠራ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ የሚያስቀረው ሕያው ዛፍ መሆኑ ነው። የኦሮሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት ኦዳ ደግሞ ምንም ሳይጠረብ በመጠበቅ ብቻ የተከበረ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። ከአንድ ግንድ የሚወጣ በርጩማ ብዙውን እንጨት ፍቅፋቂ ያደርገዋል፤ ያው ግንድ ቢሰነጠቅ ብዙ ሳንቃ ይወጣው ነበር። ዋንዛም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ታዲያ ጥበቡን ማወደስ ዛፉን ማስፈጀት አይሆንምን? ጥበቡን ከተከላ ለይተን ካወደስነው በእርግጥ ይሆናል። ነገር ግን ዋንዛ በቡናው መካከል ሲያድግ ለብዙ ዓመት ጥላ ይሰጣል፤ አበባው ለንብ፥ ፍሬው ለልጆች ይሆናል፤ ለጠራቢው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተካይ ከሌለ ጠራቢ አይኖርም፤ በርጩማውም የሚገኘው በቤተ መዘክር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ለጥናት ወደ ጅማ የሚወርዱ ጓደኞቻችን የእንጨት ሥራ ባዩ ቁጥር ከባለቤቱ ስም ሌላ ሦስት ነገር እንዲመዘግቡ አሳስባለሁ፤ ይኸውም የዛፉን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ጠራቢው የያዘውን መሣሪያ፥ በተቆረጠውም ዛፍ ፈንታ ሌላ መተከል አለመተከሉን ነው። በተለይ ሦስተኛው ጥያቄ ቤተ መዘክር ውስጥ ተቀምጦ የሚመለስ አይደለም፤ ዋንዛን ዋዴሳ ብሎ የሚጠራውን ገበሬ በማሳው ላይ አግኝቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።