መቼት የወለደው ሴራ

የልብ ወለድ አላባውያን በክፍል ውስጥ ሲዘረዘሩ መቼት ብዙውን ጊዜ ተራው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ተማሪው ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ግጭት ገጽ ሙሉ ከጻፈ በኋላ «ታሪኩ የተፈጸመው ጎጃም ውስጥ ነው» ብሎ አንድ መስመር ያክልና ያልፋል። እኔ ደግሞ ማንበብ ያለብን ከዚያች መስመር ተነስተን ነው እላለሁ። መቼት ስንል ቦታውንና ዘመኑን ከነወጉ፣ ከነሥርዓቱ ማለታችን ነው፤ ማን ማንን ያገባል፣ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ምኑ ነውር ምኑ ክብር ነው የሚለው ሁሉ በውስጡ አለ።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንመልከት። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው፣ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ይሳሉታል። ስለቱ የሚያስረው ግን የተሳሉትን ወላጆች ሳይሆን ልጁን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልብ ወለድ ጥናቱ ታሪክን ከሴራ የለየው በምክንያትና ውጤት ነበር፤ ድርጊቶች በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ሲደረደሩ ታሪክ፣ አንዱ ሌላውን ሲወልድ ሴራ ይሆናሉ። ስለት በማይከበርበት አገር የእነቦጋለ ቃል ተነግሮ የሚረሳ ነገር በሆነ ነበር። እዚህ ግን የበዛብህን ዕድሜ ሙሉ ይከተለዋል፤ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ቁጥር ከራሱ ጋር የሚገጥመው ግጭትም ከዚሁ ይመነጫል።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የትምህርቱ ነገር ነው። ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባቷ በዘር የሚመጥናት እየጠፋ ጠያቂዎቿን ሲመልስ ዕድሜዋ ይገፋል። በዚያ ቤት ወንድ እንደልቡ ገብቶ ከእሷ ጋር ሊቀመጥ አይችልም። በዛብህ ግን የተማረ ነው፤ ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምራት ይገባል። ለባላባት ልጅ የሚታጭ ሰው ተደርጎ ስለማይታሰብ ቅርበቱ ማንንም አያሰጋም። በሩን የከፈተለት ዝቅተኛ ትውልዱና ትምህርቱ ነው፤ ፍቅሩ ሲታወቅ በሩን የሚዘጋበትም ያው ትውልዱ ነው። ፊታውራሪውን ክፉ አባት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ባላንጣን ያገኛል እንጂ ግጭቱን አያገኝም። ጉዱ ካሣ የዚያው ቤት ዘመድ ሆኖ ሥርዓቱን የሚኮንነው፣ ችግሩ በአንድ ሰው ጭካኔ እንደማያበቃ ስለገባው ነው።

ይህን ያህል በጥንቃቄ የተሠራው ሰንሰለት መጨረሻው ላይ ይላላብኛል። በዛብህን ለሞት የሚያበቁት መንገድ ላይ የገጠሙት ሽፍቶች ናቸው። የዘመኑ መንገድ አስጊ ነበርና አደጋው ከመቼቱ ውጪ አይደለም የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፤ ሆኖም በዘመኑ ሊደርስ የሚችል ነገር ሁሉ ከልብ ወለዱ ግጭት የተወለደ ነው ማለት አይደለም። ስለቱና የዘር ኩራቱ ሁለቱን ወጣቶች ሲያሳድዱ ቆይተው፣ የመጨረሻውን ምት ምንም የማያውቁ እንግዶች ይሰነዝሩታል።

ሐዲስ የመረጡት ሁሉን አወቅ ተራኪ ወደ ሁሉም ልብ ስለሚገባ መቼቱን ከየአቅጣጫው እናየዋለን። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ግን ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት የነበረችውን አሥመራ የምናያት «እኔ» እያለ በሚተርከው በጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ዓይን ብቻ ነው። በዓሉ ራሱ በዘመቻው ስለተሳተፈ ብዙ አንባቢ ፀጋዬን እንደ ደራሲው ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ፀጋዬ ያየው ሁሉ ምስክርነት ይመስላል። ተራኪውን ከደራሲው ለይተን ስናነብ ግን የዓይኑ ወሰን ይገለጥልናል። ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ስለወደቀ ከተማዋን ከእሷ ለይቶ ማየት ያዳግተዋል። ፊያሜታ በልቧ ምን እንደምታስብ በቀጥታ የሚነግረን የለም፤ የምናገኘው እሱ የሰማውንና የተመኘውን ነው። አሥመራ ለነዋሪዎቿ ምን እንደነበረች ማወቅ የሚሻ አንባቢ ፀጋዬ ከሚያደንቀው ይልቅ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በምልልስ መሐል የሚሉትንና ዝም የሚሉበትን ቦታ መከታተል ይኖርበታል።