የማይታዩት ቆፋሪዎች፤ በእንግሊዝ አገር ስለሚገኙ የአርኬዎሎጂ ሠራተኞች

ፖል ኤቨሪል በ2009 (እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) «የማይታዩት ቆፋሪዎች» ብሎ ያሳተመው ጥናት የሙታንን ሳይሆን፥ የሙታንን ቅርስ ከመሬት የሚያወጡትን ሰዎች ኑሮ የሚመረምር ነው። ደራሲው ራሱ በቁፋሮ ሥራ የዋለ ስለ ሆነ የሚጽፈው ከውጭ ቆሞ አይደለም።

በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በሕንጻና በመንገድ ሥራ የሚጠፉትን ጥንታዊ ቦታዎች ለማትረፍ ከሚቆፍሩት ብዙዎቹ ጥቂት አበል ብቻ የሚቀበሉ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ኋላም መንግሥት ለሥራ አጦች ባቋቋመው መርሐ ግብር ብዙ ሰው ወደ ቁፋሮው ገባ። በኖቬምበር 1990 የወጣው 16ኛው የፕላን መመሪያ ግን ወጪውን ሕንጻ በሚያሠራው ባለ ገንዘብ ላይ ጣለው። ለቁፋሮ የሚወጣው ገንዘብ እጅግ በዛ፤ የቆፋሪው ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ባለ ገንዘቡ የሚሻው የሥራ ፈቃድ እንጂ ዕውቀት አይደለምና ጨረታውን ብዙ ጊዜ ለርካሹ ዋጋ ይሰጣል። የቁፋሮ ዋና ወጪ ደግሞ የሰው ጉልበት ስለ ሆነ፥ ቅናሹ የሚወጣው ከቆፋሪው ኪስ ነው። ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል፤ ሠራተኛውም ሌላ ቁፋሮ ፍለጋ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል።

መጠይቁን የመለሱት ፈቃደኞች በመሆናቸው፥ ቅሬታ የበረታባቸው ሰዎች ድምፅ ሳይበዛበት አይቀርም፤ አንባቢ ቍጥሮቹን በጥንቃቄ ቢመለከት ይገባል። ይህ ግን ዋናውን ነገር አያፈርሰውም። የአፈሩን ቀለም ለይቶ ጕድጓዱ ከግድግዳው በፊት ወይም በኋላ መቆፈሩን የሚወስነው በስፍራው የተንበረከከው ሰው ነው። ቁፋሮ የሚያነበውን እያጠፋ ይሄዳልና የሳተውን መልሶ ለማየት አይቻልም። እንዲህ ያለው ዓይን በዓመታት ልምድ ይገኛል፤ ብዙ ቆፋሪ ግን ዓይኑ በበራ ጊዜ ቤተሰብ ለማስተዳደር ሲል ሙያውን ይተዋል። የመጨረሻውንም ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በቢሮ ያለ ሌላ ሰው ነው። ደመወዝን የሠራተኞች ማኅበር ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩ ሊቃውንት ይህን ዘንግተዋል፤ ጕዳቱ የሚደርሰው እነርሱ በሚጠቅሱት ማስረጃ ላይ ነውና።

መጽሐፉ ሲወጣ፥ በ2008 የጠናው የገንዘብ ቀውስ የሕንጻ ሥራን አዳክሞ ብዙ ቆፋሪዎችን ከሥራ አስወጥቶ ነበር። መመሪያው በ2010 በሌላ ተተካ፤ የሙያ ማኅበሩም በ2014 ንጉሣዊ ቻርተር ተቀበለ። ወጪው ግን በባለ ሕንጻው፥ የሥራው አሰጣጥም በጨረታ እንደ ሆነ ቀረ።