ስለ «ክፍት ምንጭ» እና ስለ «የተቀናጀ የልማት አካባቢ»
በአንዳንድ የኮምፒዩተር ሙያ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙያ ቃል ተስማሚ ነው የሚባለው ባለሙያው ስለተቀበለው ብቻ አይደለም። ሙያውን የማያውቀው ተናጋሪ ሲሰማው ወደ ተሳሳተ መንገድ የማይመራው ሲሆን ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሙያ የሚዘወተሩ ጥቂት ትርጉሞችን በዚህ ሚዛን እንመዝናለን። ለመመዘኛ የምንወስደው ሥራ አቶም የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ሲሆን፣ ለቃላቱ መፈተኛ የምንመርጠው ቦታ ደግሞ ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። አቶምን የሠራው ጊትሀብ የተባለው ድርጅት ነው። ኮዱ ሚያዝያ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ፈቃድ ለሁሉም ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፌስቡክ ጋር በተሠሩ ተጨማሪ ክፍሎች አማካይነት ከጽሑፍ ማረሚያነት ወደ ተሟላ የፕሮግራም መሥሪያነት እንዲያድግ ተሞከረ። በ2018 ማይክሮሶፍት ጊትሀብን ገዛ። ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራው እንደሚቆም ተነገረ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮዱ ማኅደር ገባ።

ይህን አጭር ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙውን ጊዜ «የተቋረጠ ክፍት ምንጭ የተቀናጀ የልማት አካባቢ» ብሎ ይጽፋል። እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው፤ ድምሩ ግን አማርኛ አይደለም። ይህን ሐረግ ሰቆጣ ላይ ለአንድ የግብርና ሠራተኛ ብናነብለት የሚመጣበት ሐሳብ ግልጽ ነው። «የተቀናጀ ልማት» ለእርሱ የተፋሰስ ሥራ፣ የእርከንና የችግኝ ሥራ ነው፤ «አካባቢ» ቀበሌው ነው፤ «ክፍት ምንጭ» ደግሞ ያልጎለበተ፣ ከብትና ሰው በአንድነት የሚጠጡት ውሃ ነው። ስለዚህ ሐረጉን የሚረዳው ገንዘብ አልቆበት የቆመ የውሃ ፕሮጀክት አድርጎ ነው። ስሕተቱ የሰሚው አይደለም፤ የተርጓሚው ነው።

«ክፍት ምንጭ» የሚለውን ለይተን እንመልከት። «ምንጭ» በራሱ ጥፋት የለበትም፤ «የዜና ምንጭ»፣ «የገቢ ምንጭ» እንላለንና። የእንግሊዝኛውም ቃል ጥንተ ነገሩ ከውሃ መፍለቅ ጋር የተያያዘ ነው። ልዩነቱ እንግሊዝኛው ውሃውን የረሳ መሆኑ ነው፤ የእኛው ምንጭ ግን ዛሬም ይፈሳል። «ክፍት» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት ውሃው ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። በውሃ ሥራ ቋንቋ ምንጭን ማጎልበት ማለት ከብክለት መጠበቅ ነው፤ ክፍት ሆኖ የቀረው ግን የበሽታ መነሻ ነው። ስለዚህ ሊመሰገን የታሰበው ነገር በስሙ ተነቅፎ ይገኛል። በእኛ በኩል «ገሃድ ኮድ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ተቃራኒውም «ድብቅ ኮድ» ይሆናል። «ክፍት ምንጭ» ሥር ሰድዷል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሥር የሰደደውን ንቀሉ አንልም፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይግባ፣ ፍቺው ግን በ«ገሃድ ኮድ» ሥር ይሰጥ።

«የተቀናጀ የልማት አካባቢ» ግን ሊጠበቅ የሚገባው አይመስለንም። የሸማኔን ጉድጓድ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሸማኔው ከተቀመጠበት ሳይነሣ እጁም እግሩም ከሚፈልገው መሣሪያ ይደርሳል። የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ መጻፊያው፣ አጠናቃሪው፣ ሳንካ መፈለጊያው በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል። እንግዲህ «የተሟላ የፕሮግራም መሥሪያ» ማለት ይበቃል። እግረ መንገዳችንን «ሳንካ» የሚለውን ቃል ሳናመሰግን አናልፍም። የእንግሊዝኛውን ተባይ ትቶ በአማርኛ እንቅፋትን የሚያመለክት ቃል የመረጠ ሰው ሥራውን ዐውቋል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው «የተቋረጠ» የሚለው ነው። አንድ ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ደፍጥጧልና። ሠሪዎቹ መንከባከብ ሲተዉ ኮዱ «ጦሙን አደረ» ማለት ይቻላል፤ ጦሙን ያደረ መሬት ጠፍ አይደለም፣ የሚያርሰው ካገኘ ያበቅላል። ጎብኚ እያነበበውና እየገለበጠው ምንም የማይጨምርበት ሲሆን «ማኅደር ገባ» እንላለን። ሌሎች ኮዱን ወስደው በአዲስ ስም ሲቀጥሉት፣ አንዳንዶች የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትለው «ሹካ» ይላሉ፤ ይህ የገበታ ዕቃ እንጂ የሥራ ስም አይደለም። ከተቆረጠ ግንድ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ አማርኛ «አቆጠቆጠ» ይላል። ፑልሳር የተባለው መጻፊያ ከአቶም ያቆጠቆጠ ነው። ለአቶም ሲባል የተሠራው ኤሌክትሮንም ከእናቱ ተርፎ፣ የአቶምን ቦታ የያዘው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ እስከ ዛሬ በእርሱ ላይ ቆሟል። «ተቋረጠ» ያለ ተርጓሚ ይህን ሁሉ ከአንባቢው ሰውሯል።

መልካም አተረጓጎም ከዚያው ከሰቆጣ ስም ጋር ተያይዞ ይገኛል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስቀረት የገባው ግዴታ በእንግሊዝኛ የ«መግለጫ» ስም ሲሰጠው፣ በአማርኛ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ተርጓሚው ቃሉን ሳይሆን ግዴታውን ተረጎመ። መግለጫ ይነበባል፤ ቃል ኪዳን ግን ይጠየቁበታል።

ነገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በዋግ ኽምራ አማርኛ ከኽምጣንጋ ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። አማርኛው ለኽምጣንጋ ተርጓሚ ድልድይ በሚሆንበት ጊዜ፣ እኛ በግድየለሽነት የገለበጥነው «ክፍት ምንጭ» በሌላው ቋንቋ ደግሞ ሁለተኛ ውሃ ይሆናል። ፕሮግራም ጦሙን ቢያድር የሚያቆጠቁጥበት ኮድ አለው፤ በመዝገበ ቃላት የሰፈረ የተሳሳተ ቃል ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይገለበጣል። ስለሆነም ተርጓሚዎች ቃሉን ከመመዝገባቸው በፊት ሙያውን ለማያውቅ ሰው አንብበው ምን እንደተረዳ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።