ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ

እማማ ከገጠር ቀበሌ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ ሲደርሱ በእጃቸው የነበረው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት የይዞታ ደብተር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ መሬቱ ለሌላ ሰው ተመርቷል አሉኝ።»

«ደብዳቤ ሰጡዎት?»

«ኧረ ምን ደብዳቤ፣ በቃል ነው እንጂ።»

ያኔ ጀማሪ ጠበቃ ነበርኩ። እንባቸው አንጀቴን በላው፤ በደላቸውን የሚተርክ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ዳኛው አንብበው ሲያበቁ «እንዲሻር የምትጠይቁት ውሳኔ የታለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መዝገቡ ተዘጋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አካል ውሳኔ ለተጎዳ ሰው በመጀመሪያ የምጽፈው ክስ አይደለም። «የተወሰነብኝ ውሳኔ ምክንያቱና የተመሠረተበት ሕግ ተጠቅሶ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የምትል አራት መስመር ማመልከቻ ናት። በሁለት ቅጂ ትዘጋጃለች፤ አንዷ መዝገብ ቤት ገቢ ትሆናለች፣ በሌላዋ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያርፍባታል። መልስ ከመጣ ምክንያቱን እንይዛለን፤ ካልመጣም ዝም የተባለበት ቀን ይታወቃል። ለእማማም እንዲሁ አደረግን። ደብዳቤው ሲመጣ ምክንያት አልነበረውም፤ ጉዳዩ በኋላ እሳቸው ባሉበት እንደገና ታየ።

ዳኛ የቀበሌ ሊቀመንበሩን ተክቶ መሬት አይመራም። የሚመረምረው ወሳኙ ሥልጣን እንደነበረው፣ ከጉዳዩ ጥቅም ወይም ዝምድና ነጻ እንደሆነ፣ ባለጉዳዩንም ሰምቶ እንደወሰነ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን መንገድ አደላድሎታል፤ የክልል አካላትን ግን አይገዛም። ለቀበሌና ለወረዳ ውሳኔ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 እና የአማራ ክልልን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዤ እቆማለሁ። ከወዲያ የሚመጣው መቃወሚያ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ወይም ባለጉዳዩ በአስተዳደሩ በኩል ያለውን ቅሬታ አልጨረሰም። ስለዚህ ደረጃውን አንድም ሳልዘል እወጣለሁ።

ከሁሉም አጥብቄ የምይዘው ግን መሰማትን ነው። ለምሳሌ፣ በክልሉ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ክፍፍል በደርግ ዘመን በቀበሌ ያገለገሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከአንድ ሄክታር እንዳያልፍ ተደረገ፤ ለሌላው እስከ 3 ሄክታር ተፈቅዶ ነበር። የጎጃም ገበሬዎች ለአቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፤ ሰሚ አላገኙም። አንድ ሰው «ቢሮክራት ነህ» ሲባል፣ መሬቱ ከመነካቱ በፊት ማስረጃውን አይቶ በነጻ ዳኛ ፊት መከራከር ነበረበት። ያ አለመደረጉ ስሕተት ነበር፤ ዛሬም እንዲህ እላለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በቃል ብቻ ከተወሰነብህ በዚያው ቀን ማመልከቻህን ጻፍ፤ የገቢ ቁጥሩን ሳትቀበልም ከመዝገብ ቤቱ አትውጣ።