የታደሰ ጂፕ በጅቡቲ፦ ጥሩ ሥራን በምን እንለየው?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በመኪና ሥራ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ገዢው ወይም ባለጋራዡ ሳይሆን ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው ጨዋማ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ላሜራው ይለጠጣል፤ ሌሊት እርጥበቱ በተከፈተው ስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ አሸዋው የቀለሙን ጠርዝ ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ጉድለት እዚህ ቶሎ ይጋለጣል።

ስለዚህ የታደሰ አሮጌ መኪና ፊት ሲቆሙ ሁለት ጥያቄ ይያዙ። የገባው ውሃ በየት ይወጣል? ነገ ሌላ መካኒክ ሲመጣስ እንዴት ይፈታዋል? ሁለቱንም የሚመልስ ሥራ ጥሩ ሥራ ነው። የማይመልስ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ለሽያጭ የተኳለ ነው።

ምሳሌዬ ጂፕ ነው። አሮጌ የአሜሪካ መኪና ሲባል ብዙ ሰው ክንፋም ካዲላክ ይታየዋል፤ ከዚህ አካባቢ ታሪክ ጋር የሚገጥመው ግን ጂፕ ነው። ዊሊስና ፎርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ሠርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳዩ ሆችኪስ በፈቃድ ኤም 201 የተባለውን ሞዴል አመረተ፤ ፔዦ ፒ4 እስኪተካውም የፈረንሳይ ጦር የዘወትር መኪና ሆኖ ቆየ። ጅቡቲ እስከ እ.ኤ.አ. 1977 በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን 13ኛ ግማሽ ብርጌድም ከ1962 እስከ 2011 ሰፍሮባታል። በእኛ በኢትዮጵያም በኩል የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲዘምት የተሰለፈው ጂፕን ከሚጠቀመው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። ከዚህም ሌላ ጂፕ በቤት ለመጠገን የተፈጠረ ይመስላል፤ አካሉ ጠፍጣፋ ላሜራ፣ ሞተሩ 2.2 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር፣ ጉልበቱ 60 ፈረስ ነው። ጥላ ያለው ግቢና ትዕግሥት ያለው ሰው ፈታትቶ ሊገጥመው ይችላል።

መጀመሪያ ማንነቱን ይጠይቁ

ከፊት በራዲያተሩ ሥር አጎንብሰው ሻንሲውን ከግራ ቀኝ የሚያገናኘውን ብረት ይዩ። ክብ ቱቦ ከሆነ ሻንሲው የዊሊስ ነው፤ የተገለበጠ ቦይ ከመሰለ የፎርድ ነው። ፎርድ በአብዛኛው ክፍሉ ላይ፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር፣ የራሱን የ«ኤፍ» ፊደል አትሟል። ዊሊስ የሻንሲ ቁጥሩን በግራው ብረት ውስጠኛ ጎን በትንሽ ሰሌዳ ለጥፏል፤ ፎርድ ደግሞ በብረቱ አናት ላይ ቀርጾታል።

ድብልቅ ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ። የጦር ሠራዊት ጥገና ቤቶች ጂፖችን በጅምላ ፈትተው ሲገጥሙ የማን ክፍል ለማን እንደሆነ አልተጨነቁም። ፊሊፒንስ ውስጥም እስከ ዛሬ አዲስ የጂፕ አካል እየተመረተ ለዓለም ይሸጣል። አዲስ አካል በአሮጌ ሻንሲ ላይ መግጠም ነውር የለውም፤ ነውሩ «ሁሉም የፋብሪካው ነው» ብሎ መሸጥ ላይ ነው።

ወለሉ ሥር ያለው እውነት

ጂፕ የሚሞተው ከሥር ነው። ከወለሉ ሥር ለማጠንከሪያ የተበየዱ ባዶ ድጋፎች አሉ፤ ፋብሪካው በጦርነቱ ጊዜ ውስጣቸውን በእንጨት ሞልቶታል። እንጨቱ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። የቤንዚን ታንኩ የሚቀመጠው በሾፌሩ መቀመጫ ሥር በተጎደጎደ ቦታ ነው፤ ያም ጉድጓድ ውሃና አሸዋ ማጠራቀሚያ ነው። ወንበሩን አስነስተው፣ ቢቻል ታንኩንም አስወጥተው፣ የጉድጓዱ ማፍሰሻ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። የሰነፍ ሠራተኛ የመጀመሪያ ምልክት በስቱኮ ወይም በቀለም የተደፈነ ማፍሰሻ ነው።

የመኪናው ሆድ በወፍራም ጥቁር ሬንጅ ተለብጦ ካዩ አይደሰቱ። ሬንጅ በንጹሕ ብረት ላይ ጋሻ ነው፤ በዛገ ብረት ላይ ግን ጨውንና እርጥበትን አምቆ የሚይዝ ክዳን ይሆናል። የካቻቢቴ እጀታ ይዘው ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

በአምቡሊ ሸለቆ ዙሪያ የቆመ መኪና ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ። በኖቬምበር 2019 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ብዙ ቤትና መኪና ነክቷል። የጎርፍ ጭቃ ከውጭ ይታጠባል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባና ከሻንሲው ቱቦ ውስጥ ግን እንደ ዱቄት ደርቆ ይቀራል። ጣትዎን ይስደዱ።

ብየዳና ላሜራ

ፋብሪካው ላሜራውን ያያያዘው በነጥብ ብየዳ ነው፤ ትናንሽ ክብ ምልክቶቹ ተራርቀው ተደርድረው ይታያሉ። ጎበዝ ባትላሜራ አዲስ ቁራጭ ሲያስገባ ይህን አሰላለፍ ይከተላል። መካከለኛው ዳር እስከ ዳር በይዶ በግራይንደር ያለሰልሳል፤ ጥንካሬው ላይጎድል ይችላል፣ መልኩ ግን የጂፕ አይደለም። መጥፎው አዲሱን ላሜራ በዛገው ላይ ደርቦ ይበይዳል። በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ጨው ይይዛል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የቡና ቀለም እንባ በብየዳው መስመር ይወርዳል።

ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ጎኑ ላይ ያንሸራትቱ። በድንገት የሚላላበት ቦታ ስቱኮ የተቆለለበት ነው። ስስ ስቱኮ የሚጠበቅ ነው፤ ማግኔቱን የሚጥል ውፍረት ግን መዶሻ መያዝ የሰለቸው ሰው ሥራ ነው። ከልክ በላይ መለስለስም ጥፋት መሆኑን አይርሱ። ጂፕ ለጦር ሜዳ በጥድፊያ የተሠራ ነው፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ተደፍኖ ከታየ ባለሙያው የሠራው የሌላ መኪና አካል ነው።

ቀለም

የወታደር አረንጓዴ ቀለም ስለማያብረቀርቅ የላሜራውን ሞገድ ይደብቃል፤ ላዩን ብቻ ካዩ ውስጡን ለቄስ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጎኑን በውሃ ያርጥቡና በሰያፍ ይመልከቱ። እርጥቡ ላሜራ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ እጥፋቱና የስቱኮው ድንበርም ይወጣል።

ቀጥሎ ጠርዞችን ይዩ፦ የኮፈኑን የታጠፈ ከንፈር፣ የብሎን ቀዳዳዎችን፣ የማጠፊያዎቹን ጀርባ። ቀለም ከጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። በደንብ የሠራ ሰው መኪናውን ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው አንቲሩጂኔ (የዝገት መከላከያ) ቀብቶ ነው የሚገጥመው። አንድ ብሎን አስፈትተው ሥሩን ቢያዩ ይህ ይታወቃል፤ ከሥሩ ባዶ ብረት ከወጣ ቀለሙ የተነፋው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ቀለሙ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ካሉ ደግሞ ጨው ሳይታጠብ ወይም ላሜራው ሳይደርቅ ተቀብቷል። እዚህ ከተማ ከመቀባት በፊት በንጹሕ ውሃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ሽቦ፣ ብሎንና ሙከራ

የጦርነቱ ጂፕ 6 ቮልት ነው፤ ኤም 201 በአብዛኛው 24 ቮልት። ወደ 12 ቮልት መለወጥ ብልህነት ነው፣ ባትሪና አምፖል በየሱቁ ይገኛልና። የሚመረመረው አለዋወጡ ነው። ሽቦው በቀለም ተለይቷል? ፊውዝ አለው? የምድር ሽቦው የታሰረው በተፋቀ ብረት ላይ ነው ወይስ በቀለም ላይ? በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ እርጥበቱን ብዙ አይቋቋምም።

ብሎኖቹ የኢንች ጥርስ ናቸው። የሚሊሜትር ብሎን በጉልበት ገብቶ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፤ የሚቀጥለው መካኒክ የሚያገኘው የሚሽከረከር እንጂ የሚፈታ ብሎን አይደለም።

ሙከራውን በጠዋት አይቀበሉ። ከቀትር በኋላ ወደ አርታ የሚያወጣውን ዳገት ይያዙ፤ ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ሆነው እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ። ማርሹ ራሱን ካወጣ ካምቢዮው አልተጠገነም። ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩና እንደገና ያስነሱ። ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ፈልቶ እምቢ የሚለው ያኔ ነው፤ ቧንቧውን ከጭስ ማውጫው ያራቀ ሠራተኛም ያኔ ይመሰገናል።

ማሻሻል ሲባል

ፊሊፒናውያን የጦርነቱን ጂፕ አስረዝመው ጂፕኒ የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ፈጥረዋል፤ ስለዚህ መለወጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። መለኪያው ሚዛን ነው። ፋብሪካው ዳሽቦርዱ ላይ በለጠፈው ሰሌዳ የፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 65 ማይል ነው፤ ወደ 105 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የቶዮታ ሞተር ገብቶ ፍሬኑና መሪው እንደ ድሮው ከቀሩ ባለቤቱ የገዛው አደጋ ነው። ሞተሩን ለማስገባት ሻንሲው ተቆርጦ ከሆነ መመለሻ የለውም፤ በተፈቺ መያዣ ከታሰረ ግን ነገ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ለጌጥ በብረቱ ላይ በሪቬት ከተመታ የአሉሚኒየም ሰሌዳም ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ ብረቶች በጨው እርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ከጀርባውም ውሃ ይቋጠራል።

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሠሪውን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ሳይሠሩት የቀረ ምን አለ?» መኪናውን ፈትቶ የገጠመ ሰው ዝርዝሩ በጭንቅላቱ አለ፤ የግራው ባሌስትራ ደክሟል፣ የነዳጁ መለኪያ አይሠራም፣ ሸራው ገና ነው ይልዎታል። ከዚህ ሰው ጋር ዋጋ ይከራከሩ። «ምንም አልቀረውም» የሚልዎት ከሆነ ወንበሩን አስነስቶ የታንኩን ጉድጓድ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ካንገራገረ ገንዘብዎን ይዘው ይሂዱ።